ከፍ ያለችው የንጉሡ ፒካፕ

ማክሰኞ፣ ጥር 15 ቀን 1999
ጋራዤ ውስጥ ዛሬ ነፋስ ብቻ። ሁለት ብየዳ፣ አንድ የኢሱዙ ጎማ። ሾፌሩ ንጉሡ ዛሬም መጣ። ፒካፑን ሆዷን ድንጋይ ፈጅቷታል። «ዑበይዳ፣ በናትህ ፊቷን ከፍ አድርግልኝ፤ ያ ቁልቁለት ጨረሰኝ!» እሺ አልኩ። የኔም ጉዳይ አለበት... ባለቤቴ ጁማና ወሯ ገብቷል። የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ነው የሚወለደው፤ እናቷ ደግሞ ቆላ። በዚያ መንገድ ያን ሁሉ መንገጫገጭ እንዴት ትችላለች?

ሐሙስ፣ ጥር 17
ጨረስኩ! ከፊት በግራም በቀኝም አንድ አንድ ባሌስትራ፣ ክብደቷን የሚሸከመውን የሞላ ብረት፣ ጨመርኩ። አራት ጣት ተነሳች። ሸህ አብዱልጀሊል ዱዓ ሊያደርጉላት መጡ። ሰፈሩ እንደ ልማዱ ላይዋ ላይ ተጫነ፤ አስራ አራት ሰው! እሳቸው «መንገዷን ኸይር ያድርገው» ሲሉ እኔ ከሥር ተኝቼ የፍሬኑን ቱቦ አያለሁ። ዘና ብሏል። ይበቃል አልኩ። አሚን እያልኩ ወጣሁ።

ቅዳሜ፣ ጥር 19
ጁማና ሄደች። ጋቢና አስቀመጥኳት። «አየህ፣ እንደ ሹም ሚስት ከፍ አልኩ» ብላ ሳቀች። ንጉሡን ቀስ በል አልኩት። «አንተ ሠርተሃት ምን እሆናለሁ?»

እሁድ፣ ጥር 20
ያ ረቢ! ፍሬን እምቢ አለ... ቁልቁለቱ ላይ። ንጉሡ ገደሉን ሸሽቶ ከተራራው ጋር አላተማት። ክንዱ ተሰብሯል። ጁማና ደህና ናት ይላሉ። ማን አያት? ማን?

ሰኞ፣ ጥር 21
ሐኪም ቤት። እጄን ይዛ ሆዷ ላይ አደረገችው። ይራገጣል! ወጥቼ አጥሩ ሥር አለቀስኩ።
ሰው ሁሉ «የሸሁ ዱዓ ነው ያተረፋቸው» ይላል። ንጉሡም «ቱቦውን ድንጋይ ቆረጠው» ብሏል። ድንጋይ? እዚያ ውስጥ ድንጋይ ምን ይሠራል?

ማክሰኞ፣ ጥር 22
ፒካፑን ጎትተው አመጧት። የተበጠሰው የቀኙ ቱቦ ነው፤ ቁራጩ ግን የለበትም። ግራውን በክሪክ አነሳሁ። ጎማው ሲንጠለጠል ቱቦው ተወጠረ... ሊበጠስ! መኪናዋን ከፍ ሳደርግ ቱቦው አጥሯል። ጎማው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ሲስበው፣ ሲስበው...
ያን ቀን ግን ዘና ብሎ ነበር። አስራ አራት ሰው ተጭኖ ዝቅ አድርጓታላ! ውረዱ ማለት አፍሬ፣ ዱዓ ላይ... ሚስቴን በገዛ እጄ ልገድላት ነበር።

ሐሙስ፣ ጥር 24
ንጉሡ ቤት ሄድኩ። «ድንጋይ አይደለም። እኔ ነኝ» አልኩት። በደህና እጁ ከትራሱ ሥር የተበጠሰውን ቱቦ አወጣ።
«ያኔውኑ አይቼዋለሁ።»
«ታዲያ ድንጋይ ያልከው?»
«ሰው እንዳይሸሽህ ነዋ። አባት ልትሆን አይደል?»
ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ቱቦውን ይዤ መጥቼ ጋራዡ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት።

ሰኞ፣ የካቲት 12
ልጃችን ነሲባ ዛሬ አስር ቀኗ። አያቷ ናቸው ወደኛ የመጡት።
አህመድ የሚባል የደጎሎ ነጋዴ የራሱን ፒካፕ ከፍ ላስደርግ ብሎ አምጥቶ ነበር። ዛሬ ጨረስኩ። ሰፈሩ ተጫነ፣ ሸሁ እጃቸውን ዘረጉ። ከሥሯ ወጣሁ። «ሸሁ፣ አፉ ይበሉኝ። መጀመሪያ ሁላችሁም ውረዱ።»
«ምን ነካው? ዱዓ ጠላ?» አሉ። ወረዱ። በክሪክ አንስቼ ጎማውን አንጠለጠልኩ፣ ያስገባሁትን ረጅም ቱቦ አሳየሁ። ከዚያ የተበጠሰውን ከግድግዳ አወረድኩ። ይሄን ድንጋይ አልቆረጠውም አልኩ። ሁሉን ነገርኳቸው። አህመድ መኪናውን ከክሪኩ አስወርዶ ሄደ። ሌላውም ይሄዳል... ይሂድ።
ማታ ለጁማናም ነገርኳት። ፊቷን አዞረች። ልጅቷን አጠባች፣ አስተኛች።
«አርባዋ ሲወጣ ቆላ እወርዳለሁ» አለች፣ «አንተ በጠገንካት በንጉሡ መኪና።»
«በሷ?»
«በሷ። አንተ ከሥር ታያለህ። ሰዎቹን እኔ አስወርዳቸዋለሁ።»