ስም ግስ ሲሆን

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12 ቀን
ከስፌት ቤቱ፣ ከመስኮቱ ሥር ካለችው ወንበሬ

ለምወድሽ ልጄ፣ ለአዲሷ እናት፤

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ሰውነትሽ በረታ? ጡቱስ እንደልብ መጣላት? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ማለት እንኳ አይገልጸውም፤ ከእሁድ ጀምሮ ቁጭ ብድግ እያልኩ ነው። ዚፕ፣ ያቺ ከጎኔ የምትሰፋው፣ አፏ አልዘጋ ስላለ ዚፕ ያልናት፣ ዛሬ ጠዋት «እትዬ፣ ወይ ተቀመጪ ወይ ውጪና ለሁላችንም ትንፋሽ ስጪን» አለችኝ። እውነቷን ነው። የአንዱን መካኒክ ስም ቱታው ላይ ሁለቴ ጠልፌበት ደረቱ ላይ መንታ የያዘ መስሎ ነበር፤ ተርትሬ አስተካከልኩት።

ይህን ደብዳቤ የምታመጣልሽ የዚፕ እህት ናት። ሐሙስ ትበራለች፣ እናንተ ከተማ ዘመድ አላት። ለልጅሽ የሰፋኋቸውንም ልብሶች አብራ ታደርስልሻለች። በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር። ግን እኔና አንቺን ታውቂን የለም ወይ፤ ስልክ ስናነሳ ስለ ብርድና ስለ ሙቀት አውርተን፣ «በይ እሺ፣ እንዳይቆጥርብሽ» ተባብለን እንዘጋለን። ሁለት ዓመት ሙሉ የአየር ትንበያ ሆነን ነው የከረምነው። ይህ ነገር ደግሞ በትንበያ አይነገርም።

ነገሩ የሚጀምረው ልጅሽ የተወለደች ቀን ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ባልሽ ነው። ፎቶ ልኳል፤ ቀላ ያለች፣ የተኮሳተረች፣ የመጣችበትን ቤት ከወዲሁ የታዘበች የምትመስል ፍጥረት። ኩርፊያዋ ከማን እንደመጣ እኔም አንቺም እናውቃለን። አማርኛ አያውቅምና ከፎቶው ሥር በእንግሊዝኛ ጽፎልኛል። አልነገርኩሽም እንጂ እሁድ እሁድ እንግሊዝኛ መማር ጀምሬያለሁ። ለሥራዬ ብዬ ነው፤ አሁን አሁን ደንበኛው ሁሉ በእንግሊዝኛ ጥለፊልኝ ይላል።

የጻፈልኝ እንዲህ ይላል፤ «ማም፣ ቤቢ ኢዝ ሂር። ፕሊስ ኔም ኸር።»

«ማም» እኔ ነኝ። «ቤቢ ኢዝ ሂር»፣ ሕፃኗ መጣች። እዚህ ድረስ በእንባ አነበብኩት። «ፕሊስ»፣ እባክሽ። «ኔም»፣ ስም፤ ይህችንማ «ዋት ኢዝ ዩር ኔም» ብለን ነው ትምህርት የጀመርንባት። የመጨረሻዋ ቃል ላይ ግን ቆምኩ። ከላይኛዋ «ሂር» ጋር ቁርጥ አንድ ናት፣ ከኋላዋ ብቻ አንዲት ፊደል ጎድላታለች። እንግዲህ ሥራዬ የሰው ስም መጥለፍ ነው፤ እንዲህ ሲጻፍ ወንጀል ይመስላል እንጂ እንጀራዬ ነው። ደንበኛ ደግሞ ፊደል ሳይዘል ጽፎ አያውቅም፣ የጎደለውን እየሞላሁ ነው የኖርኩት። የአማቼንም ሞላሁለት። አባት የሆነ ሰው በዚያ ድንጋጤ አንድ ፊደል ቢጥል ምን ይገርማል? «ፕሊስ ኔም ሂር»፤ እባክሽ፣ ስምሽን እዚህ ጋ። የሆስፒታል ቅጽ ሞልቶ ሞልቶ «የአያት ስም» የሚለው ላይ ደርሶ ይሆናል አልኩ። የሰው ስም ቱታ ላይ እንደምጠልፈው፣ ስሜን በትልልቁ ፊደል ጻፍኩና ላክሁለት።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህ ሰው ካገባሽ ጀምሮ ስሜን ጠይቆኝ አያውቅም። ደግሞስ ማን ይጠይቀኛል። ስፌት ቤት «እትዬ» ነኝ፣ ለደንበኛ «እናት» ነኝ፣ ለአከራዬ «የላይኛዋ» ነኝ። ስሜ ኮት ውስጥ እንደምትሰፋው ትርፍ ቁልፍ ነው፤ አለ፣ ሥራ ግን የለውም። አማቼ ወዲያው መለሰልኝ፤ «ቢዩቲፉል። ታንክ ዩ ማም»፣ ከልብ ምልክት ጋር። ለዚፕ አሳየኋት። «አማችሽ ስምሽን ቆንጆ አለሽ እኮ፤ ተጠንቀቂ፣ ነገ ፎቶሽን ይጠይቃል» ብላ ቀኑን ሙሉ ስታሽሟጥጠኝ ዋለች።

ቅዳሜ የአንቺ የድምፅ መልእክት መጣ። ጨርቅ የምናስቀምጥበት ክፍል ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ ነው የሰማሁት። ታለቅሻለሽ፣ መልሰሽ ትስቂያለሽ፣ ከበስተኋላሽ ልጅሽ ትነጫነጫለች። «እማ» አልሽኝ፣ «ስምሽን ሰጠሻት። ባሌን 'ጠይቃት' ስለው እምቢ ትያለሽ ብዬ ነበር፤ ወይ ዝም ትያለሽ ብዬ ነበር። የራስሽን ስም ትሰጫታለሽ ብዬ ግን በህልሜም አላሰብኩ። ይቅር ብለሽኛል ማለት ነው? የልደት ወረቀቷ በሚመጣው ሳምንት መጨረሻ ይጸድቃል። በስምሽ ልትጠራ ነው።»

ደጋግሜ ሰማሁት። ደስታው ደረሰኝ፣ ነገሩ ግን አልገባኝም። እኔ መቼ ሰጠሁ? ስሜን ነገርኩት እንጂ። አማቼ ስሙን ቅጹ ላይ አይቶ ወዶት፣ ልጁ ላይ ለጥፎት ይሆናል አልኩና ተውኩት። ስሜ የተወደደበት ዘመን መጣ ብዬ ጨርቆቹ መሃል ብቻዬን ሳቅሁ።

እሁድ ክፍል ገባሁ። አስተማሪያችን ጠመኔ ጆሮዋ ላይ የምትሰካ ወጣት ናት። ሰሌዳው ላይ «ዋተር» ብላ ጻፈች። «ይህ ምንድን ነው?» ስትል «ውሃ» አልን። «ስም ነው ወይስ ግስ?» ስትል በአንድ አፍ «ስም» አልን። «'ዋተር ዘ ፍላወር' ብላችሁስ?» ብላ ራሷው መለሰችው። «አበባውን ውሃ አጠጡት ማለት ነው። ያው ቃል፣ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር፣ ስምም ግስም ይሆናል» አለች። ቀጥላ «አይረን» ብላ ጻፈች፤ ካውያም ነው፣ መተኮስም ነው። አጠገቤ የሚቀመጠው ዘበኛ «ይህ ቋንቋስ ቁጠባ ያውቃል» ብሎ አሳቀን።

ከዚያ ሁሉንም አጥፍታ «ኔም» ብላ ጻፈች።

«ስም!» አልኩ፤ በዚህችስ ማን ይቀድመኛል።

«ጎበዝ፣ ስም ነው። ግን ግስም ነው።»

«ስም እንዴት ግስ ይሆናል? ስም እኮ ስም ነው» አልኳት። ክፍሉ ሳቀ።

እሷም ሳቀች። «በእኛ ቋንቋ ልክ ነዎት፣ ስም ስም ነው። በእንግሊዝኛ ግን ስም ግስ ይሆናል። 'ኔም ዘ ቤቢ' ቢልዎት፣ ለሕፃኑ ስም ያውጡ ማለት ነው። ሕፃኗ ሴት ከሆነች 'ኔም ኸር' ይልዎታል፤ ስም ያውጡላት።»

ልጄ፣ ስልኬን ከቦርሳዬ ለማውጣት ስንት ነገር ወለሉ ላይ እንደበተንኩ አልነግርሽም። መልእክቱን አሳየኋትና «እቺ የመጨረሻዋ ቃል ፊደል ጎድሏታል አይደል?» አልኳት። አየችውና «ኧረ ምንም አልጎደላትም፤ 'ኸር' እኮ 'እሷን' ማለት ነው። እርስዎ ምን ብለው መለሱ?» አለችኝ። «ስሜን» አልኳት። ትንሽ አፍጥጣ አየችኝና ጠመኔ በነካ እጇ አፏን ያዘች፤ ጺም የነጣ ሽማግሌ መሰለች። ዘበኛው ነገሩ ሲገባው ተነስቶ እጄን ጨበጠኝ። «እንኳን ደስ አለዎት» አለኝ፣ «ሳያውቁ ራስዎን ደገሙ።»

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የልጅሽን ስም ያወጣው መልአክ እንግሊዝኛው የእኔን ያህል ነው።

ከእሁድ ወዲህ መቀመጫ ያሳጣኝ ይህ ነው። ዚፕ «ዝም በያት» አለችኝ። «ስሙ ተወዷል፣ ልጅሽ ደስ ብሏታል፣ አሁን ይህን ቆፍረሽ ምን ልታወጪ ነው?» ዚፕ ዝም በይ ብላ ስትመክር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ምክሩም መጥፎ አይደለም። ነገር ግን አንቺ «ይቅር ብለሽኛል ወይ» ብለሽ ጠይቀሽኛል። መልስ ብለሽ የወሰድሽው ደግሞ ያነበብኩትን ሳላውቅ የላክሁት ነገር ነው። ልጅሽን በጠራሽ ቁጥር ከእኔ ጋር የታረቅሽው በስህተት እንዲሆን አልፈልግም።

ስለዚህ መልሱን አሁን ስሚ። አዎ፣ ከፍቶኝ ነበር። እሱን በማግባትሽ አይደለም። ከሁለት ዓመት በፊት «እማ፣ ትናንት አገባሁ» ብለሽ የደወልሽ ቀን የሰው ልጅ የሰርግ ቀሚስ እየሰፋሁ ነበር። የልብስ ሰፊ ልጅ፣ የእናቷ መርፌ ያልነካው ቀሚስ ለብሳ ተዳረች። ያን ቀሚስ ጨርሼ ለባለቤቷ ሰጠሁና ከዚያ ወዲህ የሙሽራ ልብስ አልተቀበልኩም። ለሰው «ዓይኔ ደክሟል» እላለሁ። ዓይኔ ደህና ነው፣ ሆዴ ነው የደከመው። ይቅርታ እንድትዪኝ አልጠበቅሁም። እንድትጠይቂኝ ነበር የምፈልገው፤ ስለ ምንም ይሁን፣ «ጨው ምን ያህል ልጨምር» ብለሽም ቢሆን።

እና ጠየቅሽኝ። እኔ ቅጽ መስሎኝ የመለስኩት፣ አንቺ ምጥሽ ሳይበርድ «ጠይቃት» ያልሽው ከጥያቄ ሁሉ የሚበልጠውን ነበር። ይህ የገባኝ ሰዓት ያ ሁሉ ቅሬታ የት እንደገባ አላውቅም። ፈልጌ አጣሁት። ይቅር ብዬሻለሁ፤ ይህን ስጽፍ አንድም ፊደል አልሳትኩም።

የስሙን ነገር በተመለከተ ግን በወጉ ገብቶኝ ቢሆን ኖሮ የራሴን ስም አልሰጥም ነበር። አፍር ነበር። ደግሞም ያረጀ ስም ነው፤ አባቴ ሲያወጣልኝም አዲስ አልነበረም። ስለዚህ ከምልክልሽ ልብሶች ትንሿ ሸሚዝ ላይ ስሙን ላላ ባለ ክር ነው የጠለፍኩት። ጫፉን ይዘሽ ብትስቢው ይተረተራል፣ ጨርቁ ላይ ምልክት አይቀርም። ደብዳቤው ወረቀቷ ሳይጸድቅ ይደርስሻል። ነገሩን አውቀሽ ሌላ ስም ብትመርጪላት ምንም አልቀየምም።

ቆይ፣ አንዴ ጠብቂኝ።

መጣሁ። ያችን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ከጻፍኩ በኋላ ሸሚዟን አንስቼ አየኋት። መዳፌን አታክልም። የስንቱን ሰው ስም ስጠልፍ ኖሬ የራሴን ጠልፌ አላውቅም ነበር፣ ደረት ላይ ሲቀመጥ ምን እንደሚመስልም አላውቅም ነበር። ያምራል። አልቀየምም ያልኩሽ ውሸት ነው፤ ገጹን ላለማበላሸት ብዬ ነው ያልሰረዝኩት። ሸሚዟን ስፌት መኪናዬ ላይ አስቀመጥኩና በወፍራሙ ክር እንደገና ሄድኩበት፣ ፊደል በፊደል። ዚፕ አንገቷን አስግጋ «አሁን ይህን ማን ሊተረትረው ነው?» አለችኝ። «ማንም» አልኳት። እንግዲህ ስሙን እቀይራለሁ ካልሽ ሸሚዙን መቅደድ ሊኖርብሽ ነው፣ የእናትሽን ስፌት ደግሞ ታውቂዋለሽ።

ለባልሽም ንገሪልኝ። ያን ቀን የላክሁለት ስም ነበር። ዛሬ የምልክለት ግስ ነው። አይ ኔም ኸር።

ልጅሽን በጤና ያሳድግልሽ። እሷ እንቅልፍ ትስጥሽ፣ አንቺ ወግ ማዕረጓን እይ፣ የሰፋሁት ሁሉ ቶሎ ይጥበባት። ስታድግ እኔና እሷ በስም አንጠራራም፤ ሞክሼ ከሞክሼው ጋር «ሞክሼ» ነው የሚባባለው። ከአሁኑ ጆሮዋን አለማምጂልኝ። እዚህ ደብዳቤ ላይ ስሙን ያልጻፍኩትም ለዚያ ነው። ሸሚዙ ላይ አለልሽ።

እናትሽ፣
የልጅሽ ሞክሼ

ሳልረሳው፤ አስተማሪዬ የቤት ሥራ ሰጥታናለች፣ ስምም ግስም የሚሆን ሌላ ቃል ፈልጋችሁ ዓረፍተ ነገር ሥሩበት ብላ። እኔ «ቪዚት» የምትለዋን አግኝቻለሁ፤ ዘመድ ጥየቃም ናት፣ ዘመድ መጠየቅም ናት። ዓረፍተ ነገሩን ግን እስካሁን አልሠራሁትም። እሱ ከእናንተ በኩል መጀመር ያለበት ይመስለኛል።