ለኩሬው የመጣው ቆሪቻ

ለወንድሜ ለገመቺስ፣ ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እኛ እዚህ ጉደር ደህና ነን፤ ሽንኩርቱም ደርሷል።

ትናንት አባባ ከመስኖው ኩሬ በጣሳ ቀድቶ ጠጣ።

የጤና ኤክስቴንሽኗ ለንሳ ባለፈው ሳምንት ኩሬው ላይ ዱቄት ስትበትን "የወባ ቆሪቻ ነው" ብላው ነበር። በኦሮምኛ የሚዋጠውንም የሚረጨውንም መድኃኒት ቆሪቻ እንደምንል ታውቃለህ። ዱቄቱ ግን ከባክቴሪያ የተሠራ ነው፤ የትንኝ እጭ ሲበላው አንጀቱን የሚበሳሳ መርዝ ይሆንበታል። ለንሳ በብርጭቆ አድርጋ አሳየችኝ። እጮቹ ሲበሉ ቆዩና አንድ በአንድ መንቀሳቀስ አቆሙ። አብራቸው የነበረችው ትንሽ ዓሣ ግን ምንም አልሆነችም። ገረመኝና እስኪመሽ ሳያት ዋልኩ።

ትናንት ለንሳ ጣሳውን አይታ ሳቀች። "ኦቦ ኤጄታ፣ ምነው ጠጡት? ይሄ የትንኝ ነው። ሰውን አይጎዳም፣ አያድንምም።"

"ለትንኝ ቆሪቻ አምጥተሽ ሰውን ረሳሽው?" አላት።

"ማን ታሞ ነው?"

"ማንም" አለና ጋቢውን ደረበ። ቀትር ነበር፤ የጉደርን ፀሐይ ታውቃታለህ። ሽንኩርቱንም ዘንድሮ ሠራተኞቹ ያለ እሱ ብቻቸውን እየነቀሉት ነው።

ስልኩ ከአባባ ኪስ ስለማይወጣ ነው የጻፍኩልህ። ስለ ሽንኩርቱ ዋጋ እንደምትጠይቅ ሆነህ ደውልለት፤ አንተን ይሰማል። ቤተሰቡ ሁሉ ሰላም ብሎሃል።

እህትህ ጋዲሴ

ለንሳ ሐሙስ ጠዋት ለወባ ደም ልትመረምር ቤታችን ትመጣለች። አባባ ቤት እቆያለሁም፣ ጌዶ ገበያ እሄዳለሁም አላለም።