የሜሮን ግራ ዓይን

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

የጨቅላ ልጄ የሜሮን ግራ ዓይን ማንባቱን አላቆመም፤ ጠዋት ጠዋት በዓይናር ይጣበቃል። ዛሬ ከአማቴ ጋር ቦሌ፣ ክሊኒክ ወሰድናት። ሐኪሟ የእንባ ቱቦዋ እንዳልተከፈተ ነገረችን። ከዓይኗ ጥግ ወደ አፍንጫዋ በጣት ማሸት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ዓመት ሳይሞላ በራሱ ይከፈታል።

«የጡት ወተት ጨምራችሁበታል?» አለች ኮስተር ብላ።

ባለፈው ሳምንት አማቴ ይህንኑ ቢመክሩኝ «ይሄ ድሮ ቀረ» ብዬ ተቆጥቼ ነበር። ትናንት ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ራሴ ጠብ አደረግኩባት። ሳልጨርስ ተመልሰው በር ላይ አዩኝ።

«እኔ ነኝ፣ ልጄ። ሁለተኛ አይለመደኝም» አሏት አማቴ ሐኪሟን።

ከመገናኛ ታክሲ ይዘን ወደ አባዶ ተመለስን። ቤት እንደገባን አማቴ እጃቸውን ታጠቡና «በይ፣ እንዴት ነበር የሚታሸው? አሳዪኝ» አሉኝ።