ያልለበስከው ካፖርት

ሱሉልታ፣ ነሐሴ 11 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለዋርሳዬ፣ ለሟች ባለቤቴ ታናሽ ወንድም፤

እንደምን ሰንብተሃል? ደህና ነህ ወይ ብዬ የምጠይቅህ ለደብዳቤ ወግ አይደለም። ባለፈው ዓርብ ከዚህ ስትወጣ ከንፈርህ ጠቁሮ ጥርስህ ይንገጫገጭ ነበርና በሕይወት መኖርህን ማወቅ እፈልጋለሁ። ሳል ጀምሮህ እንደሆነ፣ ጎንህን ወግቶህ እንደሆነ ሳትደብቅ ጻፍልኝ። ድሬሰር ነኝ ትላለህ፤ የሰበታንና የቡራዩን ሳል ሁሉ እያከምክ የራስህን አታውቅም። እኔ ተመስገን ደህና ነኝ። እናትህም ደህና ናቸው፤ ነገር ግን ከሄድክ ጀምሮ «ኢልማ ኮ»፣ ልጄን እያሉ ደጅ ደጁን ማየት አልተዉም። ይህን በገዛ እጄ የምጽፈው ነገሩ የጸሐፊ ጆሮ ስለማይሻ ነው። ፊደሌ ቢጣመም ይቅር በለኝ፤ ለንዴቴ ግን ይቅርታ አልጠይቅህም።

ምን ለብሰህ እንደመጣህ ላስታውስህ። ሸሚዝና ከረባት፣ በላዩ ያቺ ስስ ግራጫ ኮት፣ በላዩ ደግሞ ጋቢ። በሞተር ላይ ጋቢ ደርቦ የሚወጣ ሰው ካንተ ሌላ አላየሁም። ምነው ብልህ ሰበታ ፀሐይ ነበር አልከኝ። የሰበታን ፀሐይ አምኖ ሱሉልታ የሚመጣ ሰው ጅል ነው። ፉሪን ስታልፍ ነፋሱ ይጀምርሃል፤ ከተማውን አቋርጠህ እንጦጦን ስትወጣ ጉሙ ይውጥሃል፤ ወደ እኛ ስትወርድ በረዶው ይወቅጥሃል። ይህን ሁሉ ልጅ ሆነህ ከወንድምህ ኋላ ተፈናጠህ አይተኸዋል። ጋቢህን ሳጥበው ጫፉ የሰንሰለት ግሪስ ጠጥቶ ተቀዶ አገኘሁት። ጎማው ያን ጫፍ ጥርቅም አድርጎ ቢይዘው የሚጎትተው ጋቢውን ብቻ መስሎህ ይሆናል። አንገትህም አብሮ ይሄድ ነበር።

ስትነሳ ጋቢው እርጥብ ነው ብለህ ተውከው። እኔም የወንድምህን ካፖርት ከተሰቀለበት አውርጄ ዘረጋሁልህ። እባብ የዘረጋሁብህ ይመስል ወደኋላ አፈገፈግህ። ያባራል አልክ። ውጭ በረዶው ቆርቆሮውን እየደበደበው ቆመህ ያባራል አልክና በዚያች እርጥብ ኮት ሄድክ። የሙት ልብስ ፈርቶ ይሆናል ብዬ ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ምክንያቱን ከእህትህ ከድንቅቱ የሰማሁት በማግስቱ ነው። ያን ካፖርት ለብሼ በገበያ መሃል ባልፍ ወንድሙን ወረሰ፣ ሚስቱንም ጨምሮ ይሉኛል ብለህ ነግረሃታል አሉ።

እንግዲህ ስማኝ። ሙት ዓመቱ እንደወጣ አጎትህ ኦቦ መገርሳ ሽማግሌ ሰብስበው ሲነጋገሩ እኔ ጓዳ ነበርኩ፤ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ሞተሩ ላንተ ይሁን አሉ። ቀጥለው እኔም በአባቶቻችን ደንብ ላንተ ልሁን አሉ። ቄሱ የወንድም ሚስት በቤተ ክርስቲያን አይፈቀድም አሉ፤ ኦቦ መገርሳ ከአባቶቻችን ያገኘነው ነው አሉ። ሲከራከሩ አመሹ። ጓዳ ድረስ ገብቶ አንቺስ ምን ትያለሽ ያለኝ ግን የለም። አንተም ከነሱ ጋር ተቀምጠህ ነበር። አንገትህን ደፍተህ ቆየህና የሞተሩን ቁልፍ ይዘህ ወጣህ። ሞተሩን መውሰድ አላሳፈረህም። ካፖርቱ ላይ ሲደርስ ይሉኝታ ያዘህ። እኔን አለመፈለግ መብትህ ነው፤ ሰው አየኝ ብለህ በብርድ መሞት ግን መብትህ አይደለም።

ወንድምህ እንዴት እንደሞተ የረሳህ ይመስለኛል። ያን ዕለት ጠዋት ፀሐይ ወጥቶ ነበር። ካፖርቱን እዚያው ሰቅሎ፣ አንድ ሹራብ ደርቦ፣ ለስልክ ሽቦ ጥገና ወደ ሰበታ ወረደ። ሲመለስ እንጦጦ ላይ በረዶ ያዘው። የትም አልተጠለለም፤ እቤቴ ገብቼ እሞቃለሁ ብሎ ነዳ። ከሞተሩ ሲወርድ ጣቶቹ ከመሪው አልላቀቅ ብለውት እኔ ነኝ ያላቀቅኋቸው። ሳምባውን መታው፤ ሳምንትም አልቆየ። ያ ካፖርት ሰው አልገደለም። የገደለን ግድግዳ ላይ መቅረቱ ነው።

ስለዚህ አለባበስ ላስተምርህ ነው፤ ብትወድም ባትወድም። ከሥር ወፍራም ካናቴራ ልበስ፣ በላዩ ሹራብ። በሹራቡና በካፖርቱ መሃል ደረትህ ላይ ጋዜጣ አጥፈህ አድርግ፤ ነፋስ አያሳልፍም። ሲረጥብ አውጥተህ ጣለውና ሌላ ተካ። ሱሪህን ቦቲው ውስጥ አትክተት፤ ከላይ የወረደው ውሃ እግርህ ላይ ይጠራቀማል። ከላይ አልብሰው። ሁለት ጓንት ያዝ፤ አንዱን ልበስ፣ ሁለተኛውን ደረትህ ውስጥ አድርቀህ አኑር። ከተማ ስትደርስ ፀሐይ ከወጣ አዝራር ፍታ እንጂ አታውልቅ። ላብህ ሳይደርቅ እንጦጦን ከወጣህ አለቀልህ። ከረባቱን ተወው። የክሊኒክ በሽተኛ ከረባትህን አይቶ አይድንም።

አሁን ስለ ካፖርቱ። የወንድምህን ካፖርት ሰኞ ዕለት ስለ ነፍሱ ብዬ ለማርያም ዘበኛ ሰጠሁት። እናትህ አለቀሱ እንጂ አልከለከሉኝም። ስለዚህ ልብሱን ወረሰ የሚልህ ሰው አይኖርም፤ ልብሱ ዘበኛው ትከሻ ላይ ነው፣ ገበያው ሁሉ አይቶታል።

በእሱ ፈንታ ሌላ አሰፍቼ በወንዳፍራሽ የጭነት መኪና ልኬልሃለሁ። ደብዳቤውንም ጥቅሉንም እጅ በእጅ እንዲሰጥህ ነግሬዋለሁ። ሸራ ነው፣ ውስጡ በብርድ ልብስ ተለብጧል። መሪ ሲያዝ እጅጌ ወደ ላይ ስለሚሸሽ ረዘም አስደርጌዋለሁ። ከድሩ ልብስ ሰፊው የሟቹን ካፖርት የሰፋው እሱ ራሱ ነውና ልኩን አልረሳውም፤ በዚያው ልክ ልቁረጥ ወይ አለኝ። አይ፣ ትከሻው ከዚያ ይጥበብ፣ ክንዱ ግን ይርዘም፣ አንገቱም ይኸን ያህላል ብዬ በእጄ አሳየሁት። መቼ ለካሽው ብሎ ጠየቀኝ። አልለካሁትም አልኩት። ከድሩ ወሬ የሚወድ ሰው ነው፤ ያን ጊዜ ግን ጠመኔውን አንስቶ ማስመር ጀመረ።

ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ባለው እሑድ ሽማግሌዎቹ እንደገና ይመጣሉ። ከእንግዲህ ጓዳ እንደማልቀመጥ ለኦቦ መገርሳ ነግሬያቸዋለሁ። ተቆጡ፤ እኔም ተቆጣሁ። መልሴን ፊታቸው ቆሜ ራሴ እናገራለሁ። አንተም ያን ቀን አንገትህን ደፍተህ እንዳትቀመጥብኝ፤ ያለህን በአፍህ በል። እሺ ትል እንደሆነ፣ እምቢ ትል እንደሆነ አላውቅም፤ አልጠይቅህምም።

ካፖርቱን ግን ከዚህ ነገር ጋር እንዳታያይዘው። እምቢ ልትልም የምትመጣ ከሆነ እሱን ለብሰህ፣ እስከ አንገትህ ቆልፈህ፣ ሰውነትህ ሞቆ መጥተህ እምቢ በል። እምቢታህን ችዬ እኖራለሁ። ሁለተኛ ከል ግን አልለብስም።

የእንጦጦዋ ማርያም ዳገቱንም ቁልቁለቱንም ትጠብቅህ። እናትህም ኡማ፣ ፈጣሪ፣ ከክፉ ይሰውርህ ብለው መርቀውሃል፤ እኔም አሜን ብያለሁ።

የወንድምህ ሚስት የነበርኩት