ጉትቻ ያደረጉ እንስራዎች

ተፌዬ፣ የቤቴ ሳቅ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። ለጤናህ እንደምን ከርመሃል ብዬ ልጀምር አልኩና ተውኩት። «የሞተ ሰው ጤና ይጠየቃል እንዴ፣ አንቺ?» ብለህ ትስቅብኝ ነበር። እቤት ስንሆን ወንዱን ሰውዬ «አንቺ» ትለኝ አልነበር፤ እሱም ናፈቀኝ።

ከተማችን ጋርላንድ እንዳለች ናት። ግራንድ ፕሬሪ ያለው ትሠራበት የነበረው መጋዘን ግን ግማሹን ሠራተኛ ሌይኦፍ ብሎ አሰናብቶ ጓደኞችህ ተበታትነዋል። እቤታችንም የሁለተኛውን መኝታ ክፍል አልጋ አወጣሁት። ያንን ማንም ሳይተኛበት አምስት ዓመት የተነጠፈ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር አንሶላውን እያጨማደድን ያንተ የምናስመስለውን። በቦታው የሸክላ መሥሪያዬን አስገባሁ።

ኮሌጅ ሸክላ መማር የጀመርኩ ሰሞን ትዝ ይልሃል? አገር ቤት ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው ይባላል፤ ሥራውም የሴት ነው። እኔ ደግሞ ወንድ፣ በዚያ ላይ አንተን የምወድ። ስድቡን ሁሉ ሰብስበህ የቁልምጫ ስም አወጣህልኝ። በጭቃ እጄ ስገባ «ቡዳዬ መጣች፣ ዛሬም ልትበላኝ ነው» እያልክ ከሶፋው ጀርባ ትደበቃለህ። እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

አሁን እንስራ እሠራለሁ። አፋቸውን ቀይ እቀባቸዋለሁ፤ ጆሯቸውን በስቼ ጉትቻ አደርግላቸዋለሁ። ጆሮ ካላቸው ማን ይከለክላቸዋል? እቤት ብቻ ታደርጋት የነበረችው ጉትቻህ ለመጀመሪያዋ ደርሳታለች። ሆዳቸውን ገፍተው ሲደረደሩ ሰርግ የተጠሩ ይመስላሉ። እያለቀስኩም ቢሆን እነሱን ስሠራ ደስ ይለኛል።

ባለፈው ቅዳሜ እህትህ ጽጌ ከሌዊስቪል መጣች። በቀብርህ ቀን ለቤተ ክርስቲያኑ ሰው «ደባሉ ነው» ብላ ያስተዋወቀችኝ እሷ ናት፤ እኔም ከኋላ ተቀምጬ እንደ ደባል አለቀስኩ። ያንተ የመሰላት ክፍል ገብታ ትንሽ መቀመጥ አማራት። በሩን ስትከፍት አልጋ የለም፤ ያሉት ጭቃና ጉትቻ ያደረጉ እንስራዎች ናቸው። ወደ እኔ ዞረች።

«ታዲያ ወንድሜ የት ነበር የሚተኛው?»

ውሸት መች ይጠፋኛል፣ ስንት ዓመት የሠለጠንኩበት ነው። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የእኛን መኝታ ቤት ከፈትኩላት። ጽጌ ከበሩ ላይ ሆና ጎን ለጎን የተቀመጡትን ሁለት ትራሶች አየች። አንተ በየትኛው በኩል ትተኛ እንደነበር ጠየቀችኝ፤ በመስኮቱ በኩል አልኳት። ሄዳ ተቀመጠችበትና አለቀሰች። ከዚያ እኔም በምተኛበት በኩል እንድቀመጥ አልጋውን መታ መታ አደረገችልኝ።

ተፌዬ፣ ሰው በጠየቀኝ ቁጥር ስንት ዓመት «ደባሌ» አልኩህ። ከእንግዲህ የፊተኛዋን ፊደል ትቻታለሁ። የቀረው «ባሌ» ነው፤ እስክሞት በሱ አነሳሃለሁ፣ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም።