በየወሩ በአሥራ ሁለት ስለሚፈጸመው «የተቀናጀ ጥቃት»

ለአምባ ዲጂታል ገንዘብ መረብ የደንብ ኮሚቴ
ለክቡር ሊቀመንበር አቶ ፊራኦል ኢዶሳ
መገናኛ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለኮሚቴዎ አባላትና በሕንፃችሁ አምስተኛ ፎቅ ላይ ሌት ተቀን ቬንትሌተር ለሚነፋላቸው ኮምፒውተሮቻችሁ ጤና ይስጥልኝ እላለሁ። የኮምፒውተሮቹን ጤንነት ለይቼ ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ባለፈው ወር ባወጣችሁት መግለጫ ከሰው ይልቅ የእነሱ ድካም አብዝቶ እንዳሳሰባችሁ ስለተረዳሁ፣ እኔም በአቅሜ ልጠይቃቸው ወድጄ ነው።

ኃይለጊዮርጊስ እባላለሁ፤ የፈረንሳይ ለጋሲዮን ልጅ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት በየካ ሚካኤል በር ላይ ሳንቲም ስመነዝር ኖሬአለሁ። ሥራዬን ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ፦ ሊሳለም የመጣ ምእመን መቶ ብር ይሰጠኛል፣ እኔ ዘጠና ብር ዝርዝር እሰጠዋለሁ፣ እሱም በአጥሩ ሥር ለተቀመጡት ነዳያን ማንንም ሳይዘል በየእጃቸው ጣል እያደረገ ይሄዳል። የሚሰጠው ትንሽ መሆኑን ሰጪም ተቀባይም ያውቃሉ፤ ቁም ነገሩ አለመዘለሉ ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ወጣቶቻችሁ ድምፅ ማጉያ ይዘው፣ «ትንሽ የሚባል ገንዘብ የለም» የሚል ካናቴራ ለብሰው መጡ። በየነዳዩ አንገት ላይ ዝንጉርጉር ምልክት ያለበት ካርድ አንጠለጠሉ። ምእመኑም ካርዱን በስልኩ እያነሳ ሃያ አምስት ወይም ሃምሳ ሳንቲም የምታወጣ ቁራሽ ዲጂታል ገንዘብ ይልክ ጀመር፤ ነዳያኑም የተላከላቸውን በሰፈሩ ሱቅ ይገበያዩበት ጀመር። እኔ በሁለት ወር ውስጥ ሥራ ፈታሁ። አልዋሽም፣ ረገምኳችሁ።

እርግማኔን የሻርኩት በአባይነሽ ምክንያት ነው። አባይነሽ ከበሩ ሦስተኛዋ ተቀማጭ ነበረች፤ እግሮቿ አይታዘዙላትም። ተሽከርካሪ ወንበሯ ተሰብሮ ዳገት ላይ ካለችው ቤቷ መውረድ ባቃታት ጊዜ፣ ደንበኞቿ አድራሻዋን በስልካቸው ይዘውት ስለነበር ድርሻዋ ቤቷ ድረስ ይገባላት ጀመር። ይህን ባየሁ ጊዜ እንጀራዬን የወሰዳችሁ ሰዎች መሆናችሁን ረስቼ መረቅኳችሁ። ምርቃቱን አሁን እንድትመልሱልኝ እየጠየቅሁ፣ ቅሬታዎቼን እንደሚከተለው በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. መግለጫችሁ «ማንነታቸው ያልታወቀ ኃይሎች በየወሩ በ12 እና በ21፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ፣ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ዝውውሮችን በመልቀቅ መረቡን ለማነቅ የተቀናጀ ጥቃት እየፈጸሙ ነው» ይላል። የውጭ አማካሪ ቀጥራችሁ፣ ሦስት ወር ደክማችሁ ቀኖቹን በትክክል ስለደረሳችሁባቸው አድናቆቴ ከፍ ያለ ነው፤ የቀራችሁ ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው ካላንደር ቀና ማለት ብቻ ነበር። ድካማችሁን ለማቅለል ኃይሎቹን እኔው ላጋልጥ፦ ነጠላ ያጣፉ ጡረተኞች፣ ፈተና የደረሰባቸው ተማሪዎች፣ ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክመው ሲወርዱ ሸክማቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው የሚሳለሙ ሴቶች ናቸው። ቀጠሮውም በ12 የሚካኤል፣ በ21 የማርያም ነው።

፪. ለጥቃቱ አጸፋ እንዲሆን ከአምስት ብር በታች የሆነውን ዝውውር ሁሉ «አቧራ» ብላችሁ አገዳችሁ። ምክንያታችሁ ይገባኛል። ኮምፒውተር የተማረችው የእህቴ ልጅ ሀዊ እንዳስረዳችኝ፣ እያንዳንዷ ዝውውር ትንሽም ትሁን ትልቅ በየማሽኑ ለዘላለም ተመዝግባ ቦታ ትይዛለች፤ በሌላው ዓለም ባሉ ትልልቅ መረቦችም ይኸው ክርክር አለ፤ ሆን ብሎ ጥቃቅን የሚበትን ተንኮለኛም አይጠፋም። ነገር ግን ተንኮለኛ አምስት ብር አያጣም። ሃያ ብር ይዞ ለአርባ ሰው ያዳርስ የነበረው ጡረተኛ ግን አሁን ለአራቱ ሰጥቶ ሠላሳ ስድስቱን አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኸው ነው። እኔም በደጉ ጊዜ ሳንቲም በዝቶብኝ ኪሴ ይቀደድ ነበር፤ ያኔ ሳንቲሙን ቆጥሬ ወደ ብር እለውጠው ነበር እንጂ ነዳያኑን «አቧራ አስነሳችሁ» ብዬ አልተቆጣሁም።

፫. ይህ ቁጥር ላነጋግራችሁ በመጣሁ ቁጥር «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለተባልኩባቸው ሦስት ቀኖች ነበር። ቀጣዩ ስለሚብስ ትቼዋለሁ።

፬. ብረት በያጁ ዲንሳ የአባይነሽን ወንበር እጁን ሳያስከፍል ጠግኖላታል። የቀረው ሁለት ጎማ ሲሆን፣ ከመርካቶ የሚመጣው በሁለት ሺህ አምስት መቶ ብር ነው። አባይነሽ በመረባችሁ ላይ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ብር አላት፤ ስድስት ሺህ ከሚያህሉ ቁራሾች የተጠራቀመ ነው። ጎማው ሊገዛ በተቀጠረበት ሳምንት ደንባችሁ ወጣ። ደንቡ ወደፊት የሚላከውን ብቻ ሳይሆን ትናንት የተላከውንም ያሠረ በመሆኑ፣ ቁራሾቿ እያንዳንዳቸው ከአምስት ብር ስለሚያንሱ አንዳቸውም አይነቃነቁም፤ ወደ አንድ እንዳታጠቃልላቸውም ማጠቃለሉ ራሱ ዝውውር ነው ተባለች። ስልኳን ስትከፍት ገንዘቧን ታየዋለች፣ ስትነካው «ተቀባይነት የለውም» ይላታል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር። ከእኔ ምንዘራ ላዋጣልሽ ብላት ደግሞ «ገንዘብ እያለኝ ለምን እለምናለሁ?» ብላ መለሰችልኝ። ዕድሜዋን አጥር ሥር የተቀመጠች ሴት ናት ይህን የምትለው። ክቡር ሆይ፣ በትሕትና ልሸፍነው ብሞክርም ይህ ነገር ያናድደኛል፤ እሷን ሳያት ደግሞ ያሳፍረኛል።

ጥያቄዬ አንዲት ናት። ትልቁን ክርክር ከሊቃውንቶቻችሁ ጋር ቀጥሉበት፤ ግን ለአንድ ቀን፣ ለአንድ ቀን ብቻ፣ ቀድሞ የተላኩት ቁራሾች ወደ አንድ እንዲጠቃለሉ ፍቀዱ። ኮምፒውተሮቹ ከደከሙ እኔ ራሴ መጥቼ አራግባቸዋለሁ።

ምስጋናዬን ሳላቀርብ ብዘጋ ግን ነውር ይሆንብኛል። ምእመኑ ወደ ሳንቲሙ ስለተመለሰ ሥራዬን መልሳችሁልኛል፤ ከመቶው አሥሯን እንደ ድሮዬ እየቆረጥኩ ነው። ቤተሰቤ ስማችሁን በማዕድ ላይ ያነሳል። ለአባይነሽ ሲል ዝርዝር ይዞ ያንን ዳገት የሚወጣ ግን እስካሁን አልተገኘም።

ይህች ሰላምታ ስትመዘን ከአምስት ብር በታች ሆና ብትገኝ እንኳ በልዩ ሁኔታ እንድትተላለፍልኝ እየለመንኩ፣ ለኮሚቴው ረጅም ዕድሜን፣ ለማሽኖቹም ዕረፍትን እመኛለሁ።

እጅ ነሺው
ኃይለጊዮርጊስ
የቀድሞ፣ በእናንተ ቸርነትም የአሁኑ፣ ሳንቲም መንዛሪ
ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ለብረት በያጅ ዲንሳ፣ ወንበሩን ከዝናብ እንዲያስጠልለው
ለአባይነሽ፣ ቤቷ ሄጄ የማነብላት

ሳልጨምረው ብቀር የምመርጠው፦ በመግለጫችሁ አባሪ ላይ «ዋነኛ አጥቂ» ተብሎ አንድ አድራሻ ተጠቅሷል፤ ለሃያ ሁለት ወር ሳያቋርጥ፣ በየወሩ በአሥራ ሁለት፣ ለአርባ ሦስት ሰው ሃያ አምስት ሃያ አምስት ሳንቲም የላከ ነው። መዝገባችሁ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ሀዊ ከፍታ አሳየችኝ፤ ከእያንዳንዷ ሃያ አምስት ሳንቲም ጋር «ስለ ልጄ ስለ ፊራኦል» የሚል ቃል ተያይዟል። እናትዎ ናቸው። ስልኩ ላይ አላላኩን ያሳየቻቸውም ሀዊ ናት። ባለፈው ሚካኤል ስልኩ እምቢ ቢላቸው እኔ ዘንድ መጡ። ልጅዎ አቧራ ብሎታል ማለት አፍሬ «መረቡ ተበላሽቷል» አልኳቸው። «አይዞህ፣ ልጄ እኮ እዚያ ነው የሚሠራው፤ ያስተካክለዋል» ብለው አጽናኑኝ።