በአራት ሸሚዝ ላይ የታየች አንዲት ጥቁር ጨርቅ

የሁለት ዓመት መኖሪያ ፈቃድን ወደ ቋሚ ለምትለውጡ የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣ በተለይም ለመስኮት ቁጥር ስድስት ጌታዬ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናችሁን እመኛለሁ። ወንበራችሁ ወገባችሁን እንዳያማችሁ፣ በዚህ በኔብራስካ ብርድ ማሞቂያችሁ እንዳይጠፋባችሁ፣ በትዳራችሁም መካከል ሦስተኛ ሰው ገብቶ "እውነት ትዋደዳላችሁ?" ብሎ እንዳይጠይቃችሁ ከልቤ እጸልያለሁ። ማሪቪክ ሆልት እባላለሁ። ቦሆል በምትባል የፊሊፒንስ ደሴት ተወልጄ፣ በሃምሳ ዓመቴ የመኪና መካኒኩን ዱዌይን ሆልትን አግብቼ የመጣሁ፣ በአረጋውያን መጦሪያ ወጥ ቤት የምሠራ ሴት ነኝ።

ደብዳቤያችሁ ደርሶኛል። በቃለ መጠይቁ ላይ የእኔና የባለቤቴ መልስ እንዳልገጠመ፣ በሠላሳ ቀን ውስጥ ምክንያቱን ካላስረዳሁ ፈቃዴ ቀርቶ ወደ መጣሁበት እንደምሸኝ በትሕትና ገልጻችሁልኛል። ስለ ትሕትናችሁ አመሰግናለሁ። መልሴን በከተማችን ጋዜጣ የማወጣው እናንተን ላሳፍር ብዬ አይደለም፤ የሚያፍር ሰው አስቀድሞ ተገኝቷል፣ እኔ ነኝ። በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ለአገሬ ሰዎች ሁሉ "ቃለ መጠይቁን በደንብ አለፍን" ብዬ ስላወራሁ፣ እነሱም ከዚሁ ይስሙት ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ዝርዝራችሁ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ሁለት ሰዎች በእውነት ተጋብተው እንደሚኖሩ የሚታወቅበትን ነገር ሁሉ ቆጥራችሁ ሰጥታችሁናል፤ የጋራ የመብራት ደረሰኝ፣ የጋራ የባንክ ደብተር፣ "በልዩ ልዩ ጊዜና ዝግጅት ከቤተሰብ ጋር የተነሡ ፎቶግራፎች"፣ ሠርግ፣ ሽርሽር፣ ልደት። ደረሰኙም ደብተሩም ነበረን። እኔ በሞኝነቴ ሐዘን የሚል መስመር ፍለጋ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አገላበጥኩት። የለም። ለካስ ባልና ሚስት አብረው መኖራቸው የሚታወቀው ሲስቁ ብቻ ኖሯል።

ሁለተኛ፣ ፎቶ ያልነበረንበትን ምክንያት ላስረዳ። በመጀመሪያው ዓመት አንሺዋ እኔ ነበርኩ። እናቴ ፔትሮኒላ አማቿን የምታውቀው በስልክ ብቻ ስለነበር በየሳምንቱ እልክላት ነበር፤ ዱዌይን ከበረዶ አካፋው ጋር፣ ዱዌይን አፉን ሞልቶ ሲበላ፣ ዱዌይን ከጎረቤት ውሻ ጋር። እኔ በአንዱም የለሁም። በአንዱ ላይ ብቻ ጥላዬ መሬት ላይ ይታያል፤ ጥላ ይቆጠር እንደሆነ መመሪያችሁ አይናገርም።

በሁለተኛው ዓመት፣ በሰኔ፣ እናቴ ሞተች። ማዕበል ደሴቲቱን ስለዘጋት ለቀብሯ አልደረስኩም። ቀብሩን ያየነው በስልክ ነው፤ ዱዌይን ክራባት አስሮ፣ ወጥ ቤታችን ውስጥ አራት ሰዓት ሙሉ ቆሞ። አረፍ በል ስለው "ሰው እየተቀበረ እንዴት እቀመጣለሁ?" አለኝ። በእኛ ዘንድ እናቷ የሞተችባት ልጅ ዓመት ሙሉ ከል ትለብሳለች፣ ድግስ አትደግስም፣ ለደስታ ፎቶ አትቆምም። ሌላው ቤተሰብ ደግሞ አውራ ጣት የምታህል ጥቁር ጨርቅ በግራ ደረቱ ላይ በመርፌ ቁልፍ ይሰካል። ማንም ሳይነግረው ዱዌይን መቀሱን አምጥቶ "ለእኔም ቁረጪልኝ" አለ። በአካል አይቷት ለማያውቃት ሴት።

ሦስተኛው ነገር የእናንተ ጥፋት አይደለም፣ የእኔ ነው፤ ግን ቁጥር ጀምሬያለሁና እዚሁ ይግባ። ማመልከቻው የሚገባበት ቀን ሲደርስ ያገሬ ልጅ እትዬ ፐርላ ቤት ከዱዌይን ጋር ሄድኩ። ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና፣ "አንቺ ሴትዮ፣ በዚህ ከልሽ ፎቶ ተነሥተሽ ብትልኪ ባልሽን ልትቀብሪው ነው የሚመስላቸው! አውልቂው!" አለችኝ። አወለቅኩት። ዓመቱ ሳይሞላ፣ እናቴ አፈሯ ሳይደርቅ፣ የፐርላን ቢጫ ቀሚስ ለብሼ ከንፈሬን ተቀባሁ። በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ የገና በዓል፣ ሁለት ልደትና አንድ ሽርሽር አከበርን። ለልደት የምንሠራው ቀጭኑ የሩዝ ፓስታ አንድ ሳህን ብቻ ስለነበር በሦስቱ ድግስ ላይ እሱው ቀረበ፤ በሽርሽሩም ላይ ያንኑ ፓስታ ከበን የፐርላ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጠናል።

ዱዌይን አራት ጊዜ ሸሚዝ ቀየረ። አራት ጊዜም ጨርቋን ከአንዱ ነቅሎ በሌላው ላይ ሰካ።

"አንተ ሰውዬ፣ ድግስ ላይ ነህ እኮ! ንቀላት!" አለችው ፐርላ።

"ፎቶው ለቢሮው ነው። ይቺ የእማማ ናት" አላት።

እኔም ያን ሰምቼ፣ ከገናው ፎቶ ጀርባ በእጄ የአምናውን ዓመት ጻፍኩ። እናቴ በሕይወት የነበረችበትን።

አራተኛ፣ የመስኮት ቁጥር ስድስት ጌታዬ፣ ስለ ዓይንዎ ጥራት አመሰግናለሁ። ፓስታውን አላዩም፤ ጨርቋን አዩ። "እመቤት ሆልት፣ በአራቱም ሸሚዝ ላይ ያለችው ጥቁር ነገር ምንድን ናት?" ብለው ጠየቁኝ። የሐዘን ናት ብል ከገናው ጀርባ የጻፍኩት ዓመት ሊያጋልጠኝ ነው። "የሞተር ዘይት ነው፤ ባሌ መካኒክ አይደል፣ አይለቅለትም" ብዬ ሳቅኩ። "በአራት ሸሚዝ፣ አንድ ቦታ ላይ?" አሉኝ። "ግራኝ ስለሆነ ነው" አልኩ። እርስዎም በጨዋነት ጻፉት።

ቀጥሎ ዱዌይን ገባ። ስትጠይቁት ጨርቋ ለአማቱ ሐዘን እንደሆነች፣ አማቱም ባለፈው ሰኔ እንዳረፈች፣ ሸሚዝ በቀየረ ቁጥር እንደሚያዛውራት ነገራችሁ። ወደ ቤት ስንመለስ መኪናው ውስጥ "ስለ ጨርቋ ጠየቁኝ፣ አንቺንስ?" አለኝ። "ዘይት ነው አልኳቸው" አልኩት። ቀዩ መብራት ላይ ቆምን። ደረቱን ዝቅ ብሎ አየ።

"እማማን ዘይት?" አለኝ።

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ፤ ከኋላችን ያለው መኪና ጥሩንባ ነፋብን፤ ዱዌይን አልነዳም። እናንተ ልትሰጡኝ ከምትችሉት ቅጣት ሁሉ ያቺን ደቂቃ የሚያህል እንዳለ አላውቅም።

አምስተኛ፦ በዚያን ዕለት ስለ ትዳራችን ካገኛችሁት ወረቀትና ቃል ሁሉ እውነተኛው እሱ የተናገረው ነበር። "አይገጥምም" ያላችሁትም እሱን ነው። ልክ ናችሁ፤ ከእኔ ጋር አልገጠመም።

ስለዚህ አራቱን ፎቶግራፎች መልሱልኝ፣ ውሸት ናቸው። በምትካቸው አንድ አያይዣለሁ። የአክስቴ ልጅ በቀብሩ ዕለት ያነሣችው ነው። የእናቴ የሬሳ ሳጥን አለ፣ አጠገቡ አበባ ላይ የተደገፈች ስልክ አለች። ስልኳ ውስጥ ጠጋ ብላችሁ ብታዩ፣ ክራባት ያሰረ ሰውዬና ትከሻው ላይ ፊቷን የደፋች ሴት አሉ። እኔና ባሌ አብረን የተነሣነው እውነተኛ ፎቶ ይኸው ብቻ ነው። የእናቴን ሳጥን ለቢሮ ለማሳየት አፍሬ ደብቄው ነበር። አሁን ሳየው ግን ዝርዝራችሁን ያሟላል፤ ዝግጅት ነው፣ ቤተሰብም አለበት።

የምትወስኑትን ሁሉ ቆሜ ለመቀበል ዝግጁ የሆንኩ፣ ማኅተማችሁን የማከብር፣ ወረፋችሁን የማልጋፋ፣ የፔትሮኒላ ልጅና የዱዌይን ሚስት፣

ማሪቪክ ሆልት

ማሳሰቢያ፦ በደብዳቤያችሁ መጨረሻ ዋናው ማስረጃ በአካል ይቅረብ ብላችኋል። ይቅርታ፣ ጨርቋን መላክ አልቻልኩም፤ ዱዌይን የእማማ ሙት ዓመት እስኪደርስ አልነቅላትም ብሏል። ለማየት ከፈለጋችሁ ዱዌይን የሚሠራበት ጋራዥ ድረስ ብቅ በሉ። በሩ ላይ ቁጥር ወስዳችሁ ተቀመጡ፣ ተራችሁ ሲደርስ እንጠራችኋለን። እባካችሁ አንድ በአንድ ግቡ፤ መልሳችሁ እንዲገጥም።